የፋና ጠላ

ከጋሸና ተገንጥሎ ወደ ላሊበላ በሚወስደው መንገድ ላይ ሚኒባሱ ጉድጓድ ባገኘ ቁጥር፣ ተክለ ሚካኤል ጭኑ ላይ ያስቀመጠውን ካርቶን በሁለት እጁ አጥብቆ ያቅፍ ነበር። በካርቶኑ ውስጥ ምንም ጽሑፍ ያልተለጠፈባቸው ጠርሙሶች በአሮጌ ጋቢ ተጠቅልለው ተደርድረዋል። ሹፌሩ በመስተዋቱ ሲመለከተው ቆይቶ፣

«ጋሼ፣ ጠበል ነው እንዴ የያዙት?» አለው።

«ቢራ ነው።»

«እኔስ ቢራ ሰውን ሲያቅፍ ነው የማውቀው፤ ሰው ቢራን ሲያቅፍ ዛሬ አየሁ።»

ተሳፋሪው ሳቀ። ተክለ ሚካኤልም ፈገግ አለ፤ እጁን ግን ከካርቶኑ ላይ አላነሣም።

ሥራው ጠመቃ ነው። በደቡብ በኩል በምትገኝ አንዲት ከተማ የቢራ ፋብሪካ ውስጥ የጠመቃ ክፍሉን ይመራል፤ ጠጉሩም እዚያው፣ በብቅልና በእንፋሎት ሽታ መካከል ሸብቷል። ጎረምሳ ሳለ ሙያውን እንዲማር ወደ ጀርመን ተልኮ ነበር። እዚያም በአንድ የክረምት ምሽት፣ ጣሪያው በጢስ በጠቆረ አሮጌ መጠጥ ቤት ውስጥ፣ የአገሩ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ የሚጠምቁትን ጥቁር ላገር አቀረቡለት። በቀዝቃዛ ምድር ቤት ለብዙ ሳምንታት ተኝቶ፣ ቁጣው በርዶ የሚወጣ ቢራ ነው። አንድ ጊዜ ተጎነጨ። ያረረ የዳቦ ቅርፊት፣ የተቆላ ገብስ፣ ከሩቅ የሚመጣ ጭስ። ብርጭቆውን አስቀምጦ ወደ ውጭ ወጣና በባዕድ አገር በረዶ ላይ ቆሞ የእናቱን የፋናን ጓዳ አየ። ሙሉ በሙሉ ግን አልነበረም። ጣዕሙ እስከ ደጁ ድረስ መርቶት ሄዶ፣ ወደ ውስጥ ሳያስገባው ተመለሰ።

ፋና በላሊበላ፣ ከውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ ብዙም በማይርቅ ክብ የድንጋይ ቤት ውስጥ ጠላ ትሸጥ ነበር። ደጇ ላይ በረጅም እንጨት ጫፍ የተደፋ ጣሳ ቆሞ፣ ጠላው መድረሱን ለመንገደኛ ይነግራል። እሷ ከሞተች በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ የነበረው ነዋሪ ወደ ሌላ ሰፈር ሲዛወር ቤቱ ፈረሰ፤ ጋኖቿም ገሚሱ ሲሰበሩ ገሚሱ የት እንደገቡ ሳይታወቅ ቀሩ። መልክ በፎቶግራፍ ይቀመጣል፤ ድምፅም በቴፕ ይያዛል። ጣዕም ግን ማኖሪያ የለውም፤ ዳግመኛ የሚኖረው አንድ ሰው እንደገና ሲሠራው ብቻ ነው። ተክለ ሚካኤል ይህን ከተረዳ ወዲህ ከትዳርም ከሹመትም አብልጦ የተመኘው ያንን ጣዕም እንደገና መሥራት ነበር።

ዘመኑ ሁሉ በዚህ አለፈ ማለት ይቻላል። ከላስታ ደጋ ገብስ አስመጥቶ አበቀለ፤ ብቅሉን በወይራ ጭስ አጠነ፤ ቆላው፤ አሳረረው፤ አበረደው። ባልንጀሮቹ «የተክሌ ሕመም» ይሉት ጀመር። በመጨረሻ በዚህ ዓመት፣ ቀማሾች ሁሉ በአንድ ድምፅ ያደነቁት ጥቁር ላገር ወጣ። ፋብሪካው ለገበያ ሊያቀርበው ወስኖ ስም አምጣ ሲለው፣ ተክለ ሚካኤል «ፋና» ሊል አፉን ከፈተና ዘጋው። ለሌሎች ያልነገረው አንድ ነገር ነበረ። ቢራውን በጠጣ ቁጥር አሁንም ከደጁ አያልፍም። አንዳች ነገር ይጎድላል፤ ምን እንደሆነ ደግሞ አያውቀውም። ምላሴ አርጅቶ ይሆናል ብሎ አሰበ፤ ዕድሜ ከሰው ላይ አስቀድሞ የሚወስደው ስስ የሆነውን ነውና። ስለዚህ አንድ ነገር ቆረጠ። የእናቱን ጠላ በእጇ ስትቀዳ ያደገችው ታላቅ እህቱ ሰብሌ ቀምሳ «የእማዬ ነው» ካለች የእናታቸውን ስም ይሰጠዋል። «አይደለም» ካለች ግን ቢራው በሌላ ስም ይሸጣል፤ የፋና ስምም እንደ ሥጋዋ በክብር እንደተቀበረ ይቀራል። ያላደረገችውን ነገር በስሟ ከመሸጥ ይልቅ መርሳት ይሻላል የሚል እምነት ነበረው።

የሰብሌ ቤት ወደ ነአኩቶ ለአብ ገዳም በሚወስደው መንገድ ዳር፣ የገብስ ማሳ አናት ላይ ነው። ወሩ ኅዳር ነበር፤ ገብሱ እየታጨደ፣ ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ የሚወርደው ነፋስ ገለባውን እያንሳፈፈ። ሰብሌ እጇ እስከ ክንዷ ድረስ በድፍድፍ ተለውሶ ከጓዳ ወጣች። የዚህ ወር የሚካኤል ማኅበር ተራ የእሷ ነው።

«መጣህ እንዴ፤ እኔ እኮ ለነገ ነው የጠበቅሁህ» ብላ እጇን ወደ ኋላ አድርጋ ጉንጩን ሳመችው። «ከሳህ። ቢራው ብቻውን ነው እንዴ የሚያሳድርህ?»

«አንቺስ እታለም፣ ደኅና ነሽ?»

«እኔማ ምን እሆናለሁ። ጉልበቴ ብቻ ነው ከሰውነቴ ቀድሞ ያረጀው። ካርቶኑ ምንድን ነው?»

«ጠላ ይዤልሽ መጣሁ።»

ሰብሌ አንድ ጊዜ ካርቶኑን አንድ ጊዜ ወንድሟን አየች። «ላስታ ድረስ ጠላ? ከዚያ አገር? ወንድምዬ፣ ወደ ምንጭ ውሃ ጭነህ መጣህ እኮ!»

ጠርሙሶቹን ከምንጭ በተቀዳ ውሃ ውስጥ ነክረው እስኪበርዱ ድረስ ስለ ዘመድ ስለ ጎረቤቱ ተጨዋወቱ። ከዚያም የመጣበትን ምክንያት ሳይደብቅ ነገራት፤ ፋብሪካው በዚህ ሳምንት ስሙን እንደሚጠብቅ፣ እሷ «አይደለም» ካለች ስሙን እንደማይሰጥ። ሰብሌ ቀልዷን ተወች። እጇን ታጥባ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ከመደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

ሲከፍተው አረፋው ቡናማ ሆኖ ቀስ ብሎ ወጣ። ሰብሌ ብርጭቆውን ተቀብላ ከመጠጣቷ በፊት ጥቂት በመዳፏ ላይ አንጠባጥባ ቀመሰች፤ ጠላ የምታቀርብ ሴት ለእንግዳ ከመስጠቷ በፊት መርዝ አለመኖሩን የምታሳይበት የአገሩ ወግ ነው፤ አሁን ግን ቀማሽም እንግዳም ራሷ ነበረች። ከዚያ ብርጭቆውን ወደ አፏ ወሰደችና ዓይኗን ጨፈነች።

ተክለ ሚካኤል በፋብሪካው ውስጥ የሚቀምሱ ሰዎችን ፊት ማንበብ ያውቃል። የእህቱን ፊት ግን ማንበብ አልቻለም።

«የእማዬ ነው» አለች በመጨረሻ።

«በእግዚአብሔር፣ ለእኔ ብለሽ እንዳይሆን።»

«ለአንተ ብዬ? እማዬ ገብሱን ስታሳርረው ልክ እዚያ ላይ ነበር የምታቆመው፤ ከዚያ ትንሽ ቢያልፍ ይመራል፣ ትንሽ ቢቀድም ይጣፍጣል። የወይራውም ጭስ ኋላ ነው የሚመጣው። የእሷ ነው እኮ ተክሌ፤ ምን ልበልህ?»

ደስ ሊለው በተገባ ነበር። ነገር ግን ሰው ከሚወደው ሰው ምስክርነት ሲቀበል የሚያድርበት ጥርጣሬ አደረበት። የእህት ምላስ የወንድምን ድካም አብሮ ይቀምሳል። እንግዲያ ለማንም የማያደላ ምላስ ያስፈልገዋል።

«መምህሬ የኔታ ደግሰው በሕይወት አሉ?»

«አሉ እንጂ። ጠላ ካለበት ወዴት ይሄዳሉ?»

የኔታ ደግሰው ተክለ ሚካኤልን ፊደል ያስቆጠሩ፣ ዳዊት ሳያስጨርሱት ወደ ዘመናዊው ትምህርት ያመለጣቸው መምህር ናቸው። ዘመናቸውን ሁሉ ከማኅሌት መልስ በፋና ቤት ከመደቡ ጥግ ይቀመጡ ነበር። ሰብሌ ልጅ ልካ አስጠራቻቸው፤ ዓይናቸው አሁን ደክሞ በመቋሚያ እየተመሩ ገቡ።

«ማነው እሱ? ፷ኛው መዝሙር ላይ ጥሎኝ የሄደው ነው?»

«እኔ ነኝ የኔታ። እንዴት ከረሙ?»

«ከረምኩማ። ቀሪውን አሁን ልትደግምልኝ መጣህ?»

«ለእርስዎ ሌላ ነገር ይዤ ነው የመጣሁት።»

«ይሄ ይሻላል» ብለው ከመደቡ ጥግ፣ እንደ ልማዳቸው ተቀመጡ።

ሰብሌ ምን እንደሆነ አልነገረቻቸውም። ቀድታ፣ በመዳፏ ቀምሳ ሰጠቻቸው። የኔታ እንደ ማንኛውም ጠላ ጠጪ ጎንጨት አሉ። ቀጥለውም ሊናገሩ ከንፈራቸውን ጠረጉ፤ አልተናገሩም። እንደገና ጠጡ። የደከመ ዓይናቸውን ወደ ጓዳው መለሱ፣ እዚያ የቆመ ሰው እንዳለ ሁሉ።

«ሰብልዬ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ከእናትሽ ጋኖች አንዱን አገኘሽው እንዴ?»

ሰብሌ ወንድሟን ተመለከተችው። ስሙን ለመስጠት የቀረ ነገር አልነበረም። ሁለት ምስክሮች፣ አንዷ ጠላውን የቀዳች፣ ሌላኛው የጠጣ፣ በአንድ ቃል ተናግረዋል። ተክለ ሚካኤል ግን በእጁ የያዘውን ብርጭቆ ለራሱ አነሣና እንደ አዲስ ጠጣ፤ የሁለቱ ቃል ምላሱን ይከፍትለት እንደሆነ ብሎ ጠበቀ። መልካም ቢራ ነበር። እናቱ ግን አልመጣችም።

«ጉድለቱ እኔ ላይ ነው እንግዲህ» አለ ብርጭቆውን እያስቀመጠ። «እናንተ አገኛችኋት። እኔ ብቻ ነኝ ያጣኋት።»

«ምኑን ነው ያጣኸው?» አለች ሰብሌ።

«እሱን ነው የማላውቀው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ጓዳው በር ላይ ቆማ በጣሳ ትሰጠኝ ነበር፤ ‹ተክሌ፣ ጠላህን ጠጣ› እያለች። ያ ጠላ እንዲህ አይከብድም። ድድ ላይ ትንሽ ይኮመጥጣል፤ ጭሱ አለ፤ ያረረው ገብስም አለ፤ ግን ከሁሉም በታች ውሃ ውሃ የሚል ነገር ነበረው። ንጹሕ፣ ቀዝቃዛ። ዕድሜ ልኬን በሄድኩበት ቤት ሁሉ ጠላ ጠጥቻለሁ እታለም፤ ያንን የመሰለ አንድም ቀን አላገኘሁም። ጠምቄም አልደረስኩበት።»

ሰብሌ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች፤ የጣሳ ድምፅ፣ የሚቀዳ ነገር ድምፅ ተሰማ። ለማኅበሩ የሚሆነውን ጠላ ትናንት ከጋኑ አውጥታ፣ በቀረው ድፍድፍ ላይ ለአጫጆቹ የሚሆን ውሃ ጨምራበት ነበር። ጣሳውን ለወንድሟ ሰጠችው። በመዳፏ አልቀመሰችም።

ተክለ ሚካኤል ጠጣ።

በር አልነበረም፤ ደጅም አልነበረም። ጓዳው ውስጥ ነበር። የጋኖቹ ትንፋሽ፣ የወይራው እንጨት ከግድግዳው ሥር ተደግፎ፣ የእናቱ ቀሚስ ጫፍ በእርጥብ ብቅል ረጥቦ፣ ጠጥቶ እስኪጨርስ ድረስ አናቱ ላይ የሚያርፈው እጇ። ጠጣ፤ ሌላም ጠጣ፤ ጣሳው እስኪደርቅ። ከዚያ ባዶውን ጣሳ እያየ፣

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ።

«ቅራሪ ነዋ» አለች ሰብሌ።

ጠመቃን በመጽሐፍም በእጅም የሚያውቅ ሰው ቅራሪን እንዴት ሳያውቀው ኖረ? መልሱ ቀላል፣ ለእሱ ግን መራራ ነበር። ቅራሪ ጠላው ከተቀዳ በኋላ በቀረው ላይ ውሃ ተጨምሮ የሚወጣ ቀጭን መጠጥ ነው። ለልጅ፣ ለአጫጅ፣ ለቤተሰብ ይሰጣል። ከተማረ ወዲህ በየደረሰበት ቤት የተከበረ እንግዳ ነበር፤ ለተከበረ እንግዳ ደግሞ ቅራሪ የሚያቀርብ ቤት የለም። ክብሩ ራሱ በእሱና በእናቱ መካከል እንደ አጥር ቆሞ ኖሯል።

«አንተማ የእማዬን ጠላ መቼ ጠጣህ» አለች ሰብሌ፣ ወቀሳ በሌለበት ድምፅ። «ጠላው ለሽያጭ ነበር። እኔም ብሆን የቀመስኩት ስቀዳ በመዳፌ ነው። ለአንተ ግን ቅራሪ ብላ ጠርታልህ አታውቅም። ‹ሲያድግ ያውቀዋል፤ እስከዚያ ጠላ ነው ይበል› ትለኝ ነበር። እኔም ያወቅህ መስሎኝ ነው እስከ ዛሬ።»

የኔታ ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ቶሎ ተቋረጠ። «ጠላውን እኛ ጠጥተን ለልጁ ቅራሪ አስቀርተንለት ነበር ማለት ነው» አሉ።

ተክለ ሚካኤል ጠርሙሶቹን ተመለከተ። ከብዙ ድካም በኋላ፣ ጣዕሙን ቀምሶት የማያውቀውን ጠላ ፍጹም አድርጎ ሠርቷል። የእህቱን ወሬ፣ የገብሱን ባሕርይ፣ የእሳቱን ልክ ተከትሎ ሄዶ ሌሎች ሰዎች ወደሚያውቋት ሴት ቤት ደርሷል። የእሱ እናት እዚያ አልነበረችም። አንድ ሐሳብ ብልጭ አለበት፤ ቅራሪውን መጥመቅ ይቻላል። ቀለል ያለ፣ ራስ የማያዞር፣ ለምሳ የሚሆን መጠጥ። ፋብሪካው በደስታ ይቀበለው ነበር።

«እንግዲያ ለዚህኛው ስሟን አልሰጥም» አለ። «እኔ የማውቃት ፋና በጣሳው ውስጥ ናት። ስሙ የሚገባው ለእሱ ነው። እሱን እጠምቃለሁ።»

ሰብሌ ባዶውን ጣሳ ከእጁ ወሰደች። እንደዚያ ረጋ ብላ ተናግራው አታውቅም ነበር።

«ተክሌ፣ እማዬ ገብሱን ስትቆላ ሌሊቱን ሙሉ የምትቀመጠው ለየትኛው ይመስልሃል? ለቅራሪ? ሰው ከገነተ ማርያም ድረስ በእግሩ የሚመጣው፣ ቄሱም ዳኛውም ወረፋ የሚጠብቀው ለጠላዋ ነበር። ፊቷን አላየህማ። የመጀመሪያውን ጠጪ በዓይኗ ትከተለው ነበር። ሲጎነጭ፣ ዝም ሲል፣ ከዚያ ቀና ሲል። ያን ጊዜ ነበር የምትቀመጠው። አንተን ወለደችህ፤ ጠላውን ግን ሠራችው።»

«ስሙን ለእሷ ብዬ ነበር እኮ የፈለግሁት።»

«ለእሷ ከሆነ፣ የሸጠችውን ሽጥላት። ያልሸጠችውን ለምን ትሸጣለህ?»

ተክለ ሚካኤል ከብርጭቆው ውስጥ የቀረውን ጥቁር ቢራ አነሣ። በዚህ ጊዜ ማንንም አልፈለገበትም፤ ከመደቡ ላይ፣ ከየኔታ ጎን፣ ወደ ፋና ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ እንደገባ መንገደኛ ተቀምጦ ጠጣ። ጠማቂ ነውና ያየው የጠማቂን እጅ ነበር። ሊያርር አንድ እርምጃ ሲቀረው ከእሳቱ የተነሣ ገብስ፣ ምሬቱን ጭሱ የሚያስታርቀው፣ ጭሱን ደግሞ ኋላ የሚመጣው ኮምጣጣነት የሚያጥበው። ይህን ያህል የሚደፍርና በትክክለኛው ቅጽበት የሚያቆም እጅ፣ ቴርሞሜትር ሳይኖራት፣ መጽሐፍ ሳይኖራት፣ ባል ሳይኖራት። ታላቅ ባለሙያ ነበረች። እናቱ ስለነበረች ብቻ ይህን ሳያውቅ ኖሯል። ሐዘኑ አልቀነሰም፤ ነገር ግን ሌላ ነገር፣ ኩራት የሚመስል ነገር፣ አጠገቡ መጥቶ ተቀመጠ።

«ትንሽ ጨምርልኝ» አሉ የኔታ ብርጭቆአቸውን እየዘረጉ። «እሷ ብትሆን እስካሁን ሁለተኛውን ቀድታልኝ ነበር።»

ቀዳላቸው። ከዚያ ስልኩን ይዞ ወደ ደጅ ወጣ፤ ኔትወርኩ ከማሳው ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ሲቆሙ ነው የሚገኘው። የፋብሪካው የሽያጭ ክፍል ኃላፊ ወዲያው አነሣ።

«ስሙ ፋና ነው» አለው ተክለ ሚካኤል።

«ፋና። ቆንጆ ነው። አጭር ነው። ጠርሙሱ ላይ አንድ ሁለት መስመር ታሪክ እንጽፍበታለን፤ ማን ነበረች?»

«በላሊበላ ጠላ ትጠምቅ የነበረች ሴት። ሰው ከሩቅ ለጠላዋ ይመጣ ነበር።»

«እሺ፣ ሌላስ? የልጅነት ትዝታ ነገር ቢኖር ሰው ይወደዋል እኮ።»

ከማሳው ውስጥ አጫጆች እየተጠራሩ ይሳሳቁ ነበር። ተክለ ሚካኤል የድዱ ጥግ ላይ የቀረውን ስስ ኮምጣጣነት በምላሱ ዳሰሰ።

«ሌላ የለም» አለና ስልኩን ዘጋ።

ሲመለስ ሰብሌ በጓዳው ውስጥ ከእንስራ ውሃ በድፍድፉ ላይ ትጨምር ነበር። ከበሩ ላይ ቆሞ አያት።

«ነገ ደግሞ ይቀጥናል» አለችው ቀና ሳትል። «ከነገ ወዲያ ጭራሽ ውሃ ነው።»

«ይቅጠን» አለ። «እቆያለሁ።»